የጋኑ ጥንዚዛ

በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። እኔ ግን እናቴ ዘንድ ወደ መንዝ ልወጣ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ምጡ ቀደመኝና ልጄን መርሐቤቴ ቆላ፣ በባሌ እናት ቤት ተገላገልኳት። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የአራስ ሥርዓት ግን ያው ነው። ሴት ስለሆነች እስከ ክርስትናዋ ሰማንያ ቀን ከደጃፍ ማለፍ የለም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ እያልኩ ቀን እቆጥራለሁ። ምክንያቴም ዝግጁ ነው፤ ቢምቢ። ብርድ ላይ ያደግሁ ሰው፣ የልጄ ጉንጭ ተነክሶ አብጦ ሳይ እንባዬ ይመጣል።

«እማማ፣ ወባ ይገድልብኛል። ደጋ ላውጣት» አልኳቸው አማቴን።

«እውነትሽን ነው። ቢምቢው ካልጠፋማ ትሄጃለሽ» አሉኝ። ደግ ሴት ነበሩ። መፈናፈኛ ያሳጣኝም ደግነታቸው ነው።

በሩ ሥር የጨርቅ ማጠቢያ ውሃ የሚጠራቀምበት ጋን ነበር። ሥራ ፈትቼ አጎንብሼ ባይ፣ ውስጡ የሚንፈራገጥ ትል ሞልቶታል። ትምህርት ቤት ነግረውናል፤ ቢምቢ የሚሆነው እሱ ነው። ድፉት እንዳልል ምንጩ ሩቅ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ከተቀዳው ውሃ ጋር ባቄላ የምታህል ጥቁር ጥንዚዛ ገባች። ቂጧን ወደ ላይ አውጥታ አየር ትወስድና ትጠልቃለች፤ ትሉን በፊት እግሮቿ አንቃ ትበላዋለች። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ «እማማ፣ ይምጡ ይዩ!» ብዬ ተጣራሁ።

ብዙም ሳይቆይ ትሉ አለቀ፣ ቤት ውስጥ ቢምቢው ጠፋ።

«እሰይ! እንግዲህ ምን ያስኬድሻል? እዚሁ ታድጋለች» አሉ አማቴ።

ጥንዚዛዋን ጠላኋት። ክርስትናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሳቸው ገበያ በሄዱበት፣ በቅል ጨልፌ አወጣኋትና ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ብደፋት ትሉ ይመለሳል፣ ቢምቢው ይመለሳል፣ እኔም እናቴ ቤት እገባለሁ። ዞር ስል ልጄ ተኝታለች። ጉንጯ ላይ ያለው እብጠት ጠፍቷል፤ ከተወለደች እንደዚያ ሳትነጫነጭ ተኝታ አላየኋትም። በራሴ አፈርኩ።

ጥንዚዛዋን መለስኳት። ክንፍ እንዳላት ስለማውቅም በርራ እንዳትሄድ ጋኑን በወንፊት ከደንኩት።

እናቴን ያየኋት ልጄ የመንዝን ዳገት በእግሯ መውጣት ስትችል ነው።