አባዬን ስረግጠው

ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ፋርማሲ ውስጥ የሜንቶል ቅባት ሽታ ሲሰነፍጠኝ እግሬ ሥር የአባዬ ጀርባ ያለ መሰለኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አባዬ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቁን ዘግቶ ሲገባ እማዬ ጀርባውን ትቀባውና ምንጣፉ ላይ በደረቱ ይተኛል። «ነይ እስቲ ርገጪልኝ፤ የዱቄት ጆንያ ነው የጎዳኝ» ይለኛል። ግድግዳውን ይዤ ከትከሻው እስከ እግሩ እረግጠዋለሁ።

አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ባቱ ላይ ቆሜ ሳለ «ምነው ወረድሽ?» አለኝ።

«አልወረድኩም እኮ!»

አንገቱን አዙሮ ሲያየኝ እዚያው ባቱ ላይ ነበርኩ። እማዬ ጠዋት ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሳያውቅ ሲራመድ አይታው ነበር። «በል ተነሥ፣ ሆስፒታል እንሂድ!» አለችው።

ሐኪሙ የአከርካሪ ቲቢ ህብለ ሰረሰሩን እንደተጫነው ነገራቸው። «ከእንግዲህ ጀርባውን ማንም እንዳይረግጠው» ሲል ግን እኔ የሰበርኩት መስሎኝ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

እማዬ እንባዬን ጠረገችልኝ። «ያወቅሽልን አንቺ ነሽ። ብንዘገይ ኖሮ ላይራመድ ይችል ነበር» አለችኝ።

ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። መድኃኒቱን ለወራት ዋጠ፤ ቀስ በቀስም ትከሻዬን ተደግፎ መራመድ ጀመረ።

ዛሬ ቅባቱን ሳልገዛ ቤት ገባሁ። አባዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። ውስጥ እግሩን በጣቴ ነካ አደረግኩት።

«ዛሬም አልተውሽም? አትኮርኩሪኝ አልኩሽ!» ብሎ እግሩን ሰበሰበ።