ፍትሐት ያልተደረገለት ልጅ

ልጄ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ከአገራችን ከቀየት ሲነሳ ለእኛ የነገረን መርሐቤቴ ወርዶ የቀን ሥራ እንደሚሠራ ነበር። ጀልባዋ መስመጧን የነገረን አብሮት የሄደ የራቤል አገር ልጅ ነው። እሱን ሌላ ጀልባ አንስቶታል። በስልክ «እትዬ፣ ውሃው ውስጥ ሲወድቅ አይቼዋለሁ፤ ሲወጣ ግን አላየሁትም» አለኝ። እኔ የያዝኩት የመጨረሻውን ብቻ ነው። አላየሁም ማለት ሞተ ማለት አይደለም።

ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ «የማንን ለቅሶ ልትደርሱ ነው?» አልኳቸው። ምላሴ ድሮም ስለታም ነው፤ ያን ቀን ግን ራሴም ፈራሁት። ንፍሮ ቀቅላ የመጣችውን ጎረቤቴን ከነድስቷ መለስኳት። ከዚያ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የሚለው ይጠፋዋል። «እግዜር ያጽናሽ» ቢለኝ እጮህበታለሁ፤ «በሰላም ያምጣልሽ» ቢለኝ ደግሞ እንዳላመነበት ከዓይኑ አውቃለሁ።

ባሌ ከበግ ጸጉር ባና፣ የደጋ ብርድ ልብስ፣ ይሠራል። ዝምተኛ ነው። አንድ ቀን ከሥራው ቀና ብሎ፣ «አንቺ፣ ልጄ ያለ ፍትሐት እስከ መቼ ይቅር? ነፍሱ ማረፊያ አጥታ ትንከራተት?» አለኝ።

«ቄስ የጠራህ ቀን እኔን አታገኘኝም» አልኩት።

ለተዝካሩ ብሎ ለይቶ የሚቀልበው ሙክት ነበር። ባየሁት ቁጥር በእርግጫ ልለው ይቃጣኛል። በጉ ምን አደረገ! ግን ፍትሐት ካስደረግኩ ልጄን በገዛ አፌ ገደልኩት ማለት ነው። ባላስደርግ ደግሞ፣ እውነት ሞቶ ከሆነ፣ የሚጸልይለት ያጣ የኔ ልጅ ብቻ ሊሆን ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አቃተኝ።

የነፍስ አባታችን ሲመጡ ጠየቅኳቸው። «አባ፣ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት ቢደረግ ምን ይሆናል?»

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉኝ። «አንቺም እኔም የማናውቀውን እሱ ያውቀዋል። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ በይ። ላለውም ለሞተውም ይሆናል።»

ተናደድኩ። መልስ ብጠይቅ ጸሎት ሰጥተውኝ ሄዱ። ግን ሌላ ምን ነበረኝ?

ጠዋት ጠዋት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ መቆም ጀመርኩ። እግዚኦ እላለሁ፣ ከዚያ የክርስትና ስሙን ጠርቼ «በሰላም መልስልኝ» እላለሁ። ተስፋ አገኘሁበት ብዬ አልዋሽም፤ አላገኘሁም። ብቻ ስሙን ስጠራ ማንም አንገቱን የማይደፋብኝ እዚያ ነበር። ስጨርስ ጉልበቴ ትንሽ ይጸናል፤ እሳት አነዳለሁ፣ ለባናው የበግ ጸጉር እፈትላለሁ። ባሌ መደቡ ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል፤ አሜን ግን ብሎኝ አያውቅም። ያላመነበትን አሜን የማይል ደረቅ ሰው ነው።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም፣ ጉም ከጓሳ ተራራ ወርዶ ደጁን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ እንደ ልማዴ ቆምኩ። እግዚኦ አልኩ። ስሙን ጠራሁ። አፌን የከፈትኩት «በሰላም መልስልኝ» ልል ነበር።

«ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ አኑርልኝ» አልኩ።

ደነገጥኩ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ልመልሰው ብፈልግም አንዴ ወጥቷል።

«አሜን» አለ ባሌ ከኋላዬ።

ዞር ብዬ ልጮህበት ነበር። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያን ሁሉ ጊዜ ለብቻው ሲያለቅስ የኖረ ሰው ነው፤ እኔ አላስለቅስ ብዬው።

እዚያው በቆምኩበት ነጠላዬን አውልቄ አዘቅዝቄ ለበስኩት።