ሳይታይ የማይነካ ግድግዳ

ሶዶ ቁልቁለት ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ከላይ የዘነበው ሁሉ ከታች ያለነውን ሳይጎበኝ አያልፍም። የዚያን ክረምት የመንገዱ ቦይ ሞልቶ ውሃው በጓሮ በኩል ቤታችን ገባ። ሲጎድል የጓሮው ግድግዳ ጭቃ ከሥሩ ረግፎ ቋሚዎቹ ተራቁተው ቀሩ፤ ግድግዳውም ወደ ውጭ ዘንበል አለ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ገሱባ ከተማ አስተማሪ ነበር፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና የዓመት ልጄ ብቻ ነን።

በማግሥቱ ጎረቤቶች ሳይጠሩ መጡ። በእኛ ዘንድ የሰው ግድግዳ ሲጎዳ ጥሪ አይጠበቅም፤ ወንዶቹ ዶማ፣ ሴቶቹ ጭድ ይዘው ከተፍ ይላሉ። ከፊት የነበሩት ከበላያችን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቤቱ ሲሠራ የመጀመሪያውን ቋሚ የተከሉልን እሳቸው ነበሩ። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃውን ሊረግጡ ሲሉ ከለከልኳቸው።

ወድጄ አይደለም። በዚያ ዘመን ከተማ ውስጥ ያለ ፈቃድ ቤት መጠገን አይቻልም፤ ጉዳቱን መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ በዓይኑ አይቶ መጻፍ አለበት። ሳያስፈቅድ የመረገ አንድ ሰው አፍርስ ተብሎ፣ ካፈረሰ በኋላ ደግሞ ይህ አዲስ ሥራ ነውና በቆርቆሮ ካልሆነ አትሠራም ተባለ። የእኛ ቤት የሣር ነው፤ ቆርቆሮ በሕልማችንም አልነበረም። ግድግዳው ተነክቶ ቢገኝም፣ ሳይነካ ቢወድቅም ቤታችንን ማጣታችን ነው።

ይህን ሁሉ በወላይትኛ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው የጠቀለሉትን ሱሪ ወደ ታች እየመለሱ፣ «እርዳታ የሚመለስበት ደጅ ለማየት ደረስኩ» አሉና ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ከበር የመለስኩ ያህል አፈርኩ። ጭዱ ደጃፌ ላይ ቀረ።

ግድግዳውን በባሕር ዛፍ መደገፍ እንደ መንካት ይቆጠር እንደሆነ የማዘጋጃ ቤቱን ጸሐፊ ጠየቅሁት። ብዙ አሰበና እንጨት ጭቃ አይደለም አለኝ። በሦስት አጣና ራሴ ደገፍኩት። ከዚያ በየቀኑ ልጄን አዝዬ ቢሮው በር ላይ መቀመጥ ሆነ። ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነው፤ እየሳቀ፣ ቀያሹ ለሥራ ወደ በዴሳ ከተማ ወርደዋል፣ ነገ ይመለሳሉ ይለኛል። በነጋውም እንዲሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? አንደኛው ውሃ ግድግዳዬን በልቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀኖቼን ሊበላ ነው። አማቴ እኔን ደረቅ ናት እያሉ ያሙኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ያን ጊዜ ድርቅናዬ ጠቀመኝ።

አንድ ጠዋት ግድግዳው አንድ ጣት ያህል ተጨማሪ ዘንበል ብሎ አገኘሁት። ልጄን አዝዬ በእህል መኪና ወደ በዴሳ ወረድኩ። ቀያሹን ሜዳ ላይ የመለኪያ ሰንሰለት እያስያዘ መሬት ሲለካ አገኘሁት። ነገሬን ሰምቶ ከእኔ በፊት ያመለከቱ አሉ፣ ተራሽን ጠብቂ አለኝ።

«ጌታዬ፣ ግድግዳው ተራ አያውቅም» አልኩት። «ይምጡና ይዩት፤ አይተው ይከልክሉኝ።»

ልጄንና ጭቃ የበላውን እግሬን አየ። በሁለተኛው ቀን መጣ። ቋሚውን በዱላው ወጋ ወጋ አደረገና ገብስማ ነው አለ፤ ግማሹ በስብሷል፣ ግማሹ ደህና ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ጻፈልኝ፦ የነበረውን ያህል፣ በነበረበት ቦታ እንድትጠግን ተፈቅዷል። ቢሮው ሄጄ አስመታሁና ማኅተሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ቤቴ አልገባሁም፤ ወደ ሽማግሌው ደጅ ሄድኩ። ያለ እሳቸው ሌሎቹን ለመጥራት አፍ አልነበረኝም። ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ፤ ፊደል አያውቁም።

«አንብቢልኝ» አሉ።

ወደ ወላይትኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

«ጎረቤት ይርዳት የሚልስ አለበት?»

«የለበትም፣ አባቴ። እሱን የምለምነው እርስዎን ነው።»

ቀና ብለውም አላዩኝ። እዚያው እንደተቀመጡ ሱሪያቸውን መጠቅለል ጀመሩ።