ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ምርኮኛው መቃብር

ከሬኒየር ቢች ዲስከቨሪ ፓርክ ድረስ መሄድ እዚያው ሲያትል ውስጥ መሄድ ነው። በመኪና ቢሆን አንድ ሰዓት አይፈጅም። እኛ ቀኑን ሙሉ ፈጀንበት፤ ስለዚህ ጉዞ ብዬ ብጽፈው አንባቢ አይታዘበኝ። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ከተማዋን የማውቃት ከመሪ ኋላ ተቀምጬ ነው። ያን የጥቅምት ቅዳሜ ግን ዕድሜያቸው ከሰማንያ አምስት ያለፈ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ተሳፋሪ ሆንኩ። አንዱ አባቴ ናቸው። ሌላው ሚስተር ሉካ የሚባሉ ጣሊያናዊ ጎረቤታቸው ናቸው። የተነሳሁት የተኳረፉትን ሁለቱን ላስታርቅ ነበር።

መጀመሪያ እንዴት እንደተወዳጁ ልንገራችሁ። አባባ ከአዲስ አበባ መጥተው ሬኒየር ቢች ያለው የአረጋውያን አፓርትመንት ሲገቡ እንግሊዝኛቸው ከ“ጉድ ሞርኒንግ” አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ሚስተር ሉካ ታች ሎቢው ውስጥ የመራመጃ ጋሪያቸውን ገልብጠው፣ የላላውን የጎማ ብሎን በሳንቲም ሊያጠብቁ ይታገላሉ። አባባ አላስቻላቸውም። “ካቻቢቴ! በካቻቢቴ ነው እንጂ!” ብለው ጮኹ። ሚስተር ሉካ ሳንቲሙን ከእጃቸው ጣሉት። ኢትዮጵያዊ መካኒክ ብሎን መፍቻን የሚጠራው በጣሊያንኛ መሆኑን በምን ይወቁት?

አባባ ዕድሜያቸውን የፈጁት ጋራዥ ውስጥ ነው። የጋራዥ ቋንቋችን ደግሞ ግማሹ የጣሊያን ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ኮፋኖ፣ ማርሚታ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ በመኪና ዕቃ ስም ሲያወሩ ይውላሉ። ጉልበት ያመማቸው እንደሆነ መሽከርከሪያው አለቀ ለማለት “ኩሽኔታ” ብለው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ከላይ ፎቅ የምትኖረው ጮክ ብላ የምታወራ ሴትዮ ስትመጣ “ማርሚታ!” ተባብለው ይስቃሉ፤ ድምፅ ማፈኛ ይገጠምላት ማለታቸው ነው። ዓመት ሙሉ እንዲህ ከረሙ። አባባ “ሉካ” ማለቱን ትተው “ሉቃስ” ይሏቸዋል።

በበጋው ሚስተር ሉካ የወጣትነት ፎቷቸውን ይዘው መጡ። የወታደር ልብስ ለብሰዋል። አባባ ፎቶውን ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ “ይሄ የጠላት ልብስ አይደለም?” አሉኝ። ነው አልኳቸው። ፎቶውን መልሰው ሰጧቸውና ወደ ክፍላቸው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሎቢው ድርሽ አላሉም።

በአባባ ዕድሜ ላለ ሰው “ጠላት” ማለት እንዲያው ማንም ባላንጣ አይደለም፤ የጣሊያን ስሙ ነው። እገሌ በጠላት ጊዜ ተወለደ፣ ይህ ድልድይ በጠላት ጊዜ ተሠራ ይባላል። የአባባ አባት አርበኛ ነበሩ። ጫካ ከገቡ በኋላ ወንዝ ዳር ተገደሉ የሚል ወሬ መጣ፤ ሬሳ ግን አልመጣም። የአባባ እናት “ሬሳ ሳላይ እርሜን አላወጣም” ብለው ለቅሶ ሳይቀመጡ ኖሩ፤ እንደዚያው ሆነው ሞቱ። እናት ያላለቀሱለትን ልጅ ቀድሞ አያለቅስለትም። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት ሲገባ ሚስተር ሉካ አባባ ዘንድ ሳለሁ በሩን አንኳኩ። ዲስከቨሪ ፓርክ ድሮ የጦር ሰፈር ነበር፤ እዚያ አብሯቸው የነበረ አንድ ጣሊያናዊ ምርኮኛ ተቀብሯል። በየዓመቱ በዚህ ወር አበባ ይዘው ይሄዳሉ። ዘንድሮ ብቻቸውን አይችሉም። “አባትሽም ቢመጡ ደስ ይለኛል” አሉኝ። ተረጎምኩላቸው።  ዓርብ ማታ አባባን ጫማቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

“ሊሄዱ ነው እንዴ?”

“የማየው ነገር አለኝ።”

“ምን?”

“ጠላት እንዴት እንደሚቀበር።”

ጠዋት፣ ባቡሩ ላይ

ካፊያ ነበር። ሲያትል በጥቅምት ሌላ ፊት የላትም። ጣቢያው ላይ የሽማግሌ ትኬት በሰባ አምስት ሳንቲም ቆርጬ ሁለቱን አስገባሁ። መሃላቸው ተቀመጥኩ፤ እንደ ድንበር ኬላ ማለት ነው። አባባ በነጠላ ላይ ወፍራም ካፖርት ደርበዋል። ሚስተር ሉካ ቢጫ አበባ በጋዜጣ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

ባቡሩ በሸለቆው ሲያልፍ ሚስተር ሉካ በመስኮቱ እያሳዩ፣ ይህ ሰፈር ድሮ ጣሊያኖች አትክልት የሚያለሙበት እንደነበር ነገሩኝ። ዛሬ የቬትናም ሾርባ ቤት፣ የሶማሌ ሱቅና የእኛ ሥጋ ቤት ነው የሚታየው። ለአባባ ስተረጉምላቸው፣ “እዚህም ቀድመውን ነበሩ በያ” አሉ። ይህን ለሚስተር ሉካ አልተረጎምኩም። አስተርጓሚ ሲኮን አንዳንዱን መዋጥ ነው።

ረፋድ፣ አውቶቡሱ ላይ

መሃል ከተማ ወርደን ወደ ፓርኩ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝን። ሹፌሩ ተስፋዬ ሆኖ አረፈው፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

“ዛሬ ኦፍ ነሽ አይደል እንዴ? ምነው ታዲያ ባስ ላይ?”

“አባባን ይዤ ፓርክ ልሄድ ነው።”

“መኪናሽስ?”

“እዚያ ፓርክ የማደርግበት ስፖት አላገኝም። ሶ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ሽማግሌዎች ይዣለሁ።”

“ኦኬ፣ ኦኬ። አባባ፣ እንደምን አደሩ? ይያዙ፣ ይቀመጡ!”

ተስፋዬ ጥሩ ልጅ ነው፤ ፍሬን አያያዙ ግን መቼም አይጥመኝም። ቁልቁለቱ ላይ መብራት ሲይዘው አውቶቡሱ ሲጢጢ ብሎ ቆመ። በግራዬና በቀኜ ያሉት ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ አፍ “ፍሬን!” ብለው ጮኹ። ተያዩ። ሚስተር ሉካ ፈገግ አሉ። የአባባም ከንፈር ሊከፈት ሲል አየሁት፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እኔ ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

እኩለ ቀን፣ ፓርኩ ውስጥ

ፓርኩ ሰፊ ነው። ቢጫና ነጭ የድሮ መኮንኖች ቤቶች፣ ረጃጅም ዛፎች፣ ከገደሉ በታች ባሕር። መንገዱ ጠፍቶብን ስንዞር ውሻ የምታንሸራሽር ሴት አገኘን።

“መቃብሩ በየት በኩል ነው?” አልኳት።

“በዚህ ዳገት ትንሽ ወጣ ብላችሁ ነው። ዘመድ አላችሁ?”

ሁለቱን ሽማግሌዎች አየኋቸው። ምን እንደምላት ጠፋኝ፤ “አበባ ልናኖር ነው” አልኳት።

ዳገቱ ሁለቱንም አደከማቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍን። ሚስተር ሉካ ታሪካቸውን የጀመሩት እዚህ ነው። አበሻ አገር ረግጠው አያውቁም። የተማረኩት ሰሜን አፍሪካ ነው። በመርከብ አሜሪካ አመጧቸው። ከዚያ ጣሊያን እጅ ሰጥታ ወገን ለወጠች። የእኛ መጻሕፍት የቃል ኪዳን አገሮች ከሚሏቸው ከእነ እንግሊዝና አሜሪካ ጋር ቆመች ማለት ነው። ምርኮኞቹም አብረው ለመሥራት የፈለጉ እንዲፈርሙ ተጠየቁ። እሳቸው ፈረሙ። ክንዱ ላይ የአገራቸው ስም የተጻፈበት ልብስ ተሰጣቸው። እዚሁ ሰፈር ወደ ጃፓን ግንባር የሚሄደውን ዕቃ ሲጭኑ፣ የጦር መኪና ሲጠግኑ ጦርነቱ አለቀ። ወደ አገራቸው ተሸኙ፤ በኋላ ተመልሰው እዚሁ አገቡ።

አባባ በጥሞና ሰምተው፣ “ጠላትነት በፊርማ ይለቃል እንዴ? እንዲህ ቀላል መሆኑን ብናውቅ እስክሪብቶ እንልክላቸው ነበር” አሉ።

ይሄኛውን አልዋጥኩትም፤ ተረጎምኩት። ሚስተር ሉካ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ተዋቸው። “እኛንም ገርሞናል” አሉ። “ሲመሽ ምርኮኛ ነበርኩ፣ ሲነጋ አጋር። ያው ሰው ነበርኩ።”

አባባ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ እያንቀሳቀሱ ቆዩ። ከዚያ ሳንጠይቃቸው እሳቸውም ማውራት ጀመሩ። ነፃነት ሲመጣ ጦሩ በሰፈራቸው አለፈ። የእኛ አርበኞች መንገድ ይመራሉ፤ የእንግሊዝ መኮንን ያዝዛል፤ ሱዳኑ ግመል ይነዳል፤ ህንዱ ማታ ማታ ቂጣ ይጋግራል። “ለሁሉም አባቴን አይታችኋል ወይ እላለሁ። ሁሉም በየቋንቋው አላየሁም አለኝ። ህንዱ ቂጣ ሰጠኝ።”

ልጆቼ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት መጽሐፍ ያን ጦርነት እነማን እንዴት እንዳሸነፉ በካርታና በቀስት ያሳያል። ቀስቱ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይደርሳል፣ መሪዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። የእኛ አገር ቀስት ሲበዛ አጭር ናት፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ጭራሽ የለችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ይህን ነበር፦ ያ ድል የተገኘው እንጀራቸው፣ ቋንቋቸውና አምላካቸው በማይገናኝ ሰዎች ነው። አብረው ተዋጉ እንጂ አልተዋወቁም። የማን አባት የት እንደቀረ እርስ በርሳቸው መነጋገሪያ ቋንቋ እንኳ አልነበራቸውም። አሸናፊዎቹ እንዲህ ከሆኑ ተሸናፊው ከማን ጋር ይነጋገራል?

መቃብሩ

የአሜሪካኖቹ መቃብር ነጭ በነጭ ሆኖ ተሰልፏል። ምርኮኛው ግን ከሰልፉ ወጥቶ ጥግ ላይ ለብቻው ነው። ድንጋዩ ጫፉ የተቆረጠ ዓምድ ነው። ስለ አሟሟቱ ሚስተር ሉካ ማውራት አልፈለጉም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጎንበስ ብለው እርጥቡን ቅጠል በእጃቸው ጠረጉ፤ አበባውን አስቀመጡ። በአገራቸው ቋንቋ የሆነ ነገር አነበነቡ።

“ለምን ለብቻው ቀበሩት?” አሉ አባባ።

“የእነሱ ስላልሆነ ይሆናል” አሉ ሚስተር ሉካ፤ ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው፣ “የአባትሽ አባት የት ነው የተቀበሩት?” ብለው ጠየቁኝ።

 ለአባባ ነገርኳቸው።

“መቃብር የለውም በይው።”

ነገርኳቸው።  ሚስተር ሉካ ከአበባው ግማሹን መልሰው አነሱና ለአባባ ዘረጉላቸው። “እንግዲያው እዚህ ያኑሩላቸው” አሉ። “ይህ ሰው ብቻውን ነው። ቦታ አለው።”

ይህን መተርጎም ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር እንዲያው ሌላ ነገር ብዬ ላልፈው ነበር። አባቴ፣ ያለ መቃብር የቀረውን የአርበኛ አባታቸውን፣ ከጠላት ወታደር ጋር? አበባውን በሚስተር ሉካ ፊት ላይ ቢወረውሩት እንዳልፈርድባቸው ወስኜ ተናገርኩት።

አባባ አበባውን ተቀበሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ነጠላቸውን ከካፖርቱ ውስጥ ስበው አደገደጉ። “አባቴ!” አሉ። አንዴ ብቻ መስሎኝ ነበር። “አባቴ! አባቴ! የት ወደቅክ?” እያሉ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ደረታቸውን መቱ። ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ስንት ዘመን ታሽጎ የኖረ ለቅሶ፣ በሰው አገር፣ በዝናብ፣ በጣሊያን መቃብር ላይ ወጣ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሚስተር ሉካ ጋሪያቸውን ለቀው በሁለት እጃቸው የአባባን ክንድ ያዙ።

ሲበቃቸው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ “በቃ። እርሜን አወጣሁ” አሉ።

“ምን አሉ?” አሉ ሚስተር ሉካ።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛዬ አለቀ። እርምን ምን ብዬ ልተርጉመው? “አልቅሰው ጨረሱ” ብል አይሆንም፤ “ተጽናኑ” ብልም አይደለም። ስንተባተብ አባባ ትዕግሥታቸው አለቀ። ቀኝ እጃቸውን ከጎናቸው ዝቅ አድርገው የማይታይ ዘንግ ጨበጡ፤ በአውራ ጣታቸው ጫፉን ተጭነው እንደ መኪና የእጅ ፍሬን ቀስ ብለው ወደ ታች ለቀቁት።

“ፍሬን” አሉ።

ሚስተር ሉካ እጃቸውን ተመለከቱ። ከዚያ እሳቸውም ከጎናቸው ያለውን የማይታይ ዘንግ ጨብጠው፣ ልክ እንደዚያው ወደ ታች ለቀቁ። ምንም አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ወደ ቤት

ሲመለሱ ራባቸው። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሚስተር ሉካ ያዘጋጁትን ዳቦ አወጡ፤ መሃሉ ሳላሚ ነው። “የአሳማ አልበላም በይው” አሉ አባባ፤ ሥጋውን ለይተው መለሱና ዳቦውን በሉ። አውቶቡሱ ሲመጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ኬላው ከኋላ ወንበር አገኘ። ሬኒየር ቢች ስንደርስ ጨልሟል። አሳንሰሩ በር ላይ “ቻው ሉቃስ” አሉ አባባ። “ቻው” አሉ እሳቸውም። ይህም ቃል ለካ የጋራ ነው።

ያ ጦርነት መቼ አለቀ ቢባል መጽሐፉ አንድ ዓመት ይጠራል። በእኛ ቤት ያለቀው ያን ቅዳሜ ነው። አገሮች ቃል ኪዳን ገብተው ድል ያደርጋሉ፣ ፈርመው ወገን ይለውጣሉ፤ የሰው ለቅሶ ግን በሰልፍ አያልቅም፣ አንድ በአንድ ነው የሚወጣው። አባባ እስካሁን “በጠላት ጊዜ” ይላሉ፤ አልተዉትም፣ እኔም እንዲተዉት አልፈልግም። ሚስተር ሉካንም “ሉቃስ” ይሏቸዋል። ሁለቱን ስሞች አንድም ቀን ሲያምታቱ አልሰማሁም።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሴ ላይ ወጣሁ፤ ሞተሩን አስነስቼ መስታወቶቹን አየሁ። የእጅ ፍሬኑን ስለቀው እንደ ወትሮው በረጅሙ ተነፈሰ። በየቀኑ የምሰማው ድምፅ ነው። የዚያን ዕለት ግን የአባባ እጅ መጣብኝና ወዲያው መንዳት አቃተኝ፤ ተሳፋሪዎቼን ትንሽ አስጠበቅኳቸው።