የግራው ስፒከር

ጋሽ ጆሮ ያን ቀን ገና ከቤቱ ሲወጣ ቆሽቱ አርሮ ነበር። ሚስቱ ያወጣችለት ኮት ብብቱን ይዞታል፣ አዲሱ ጫማ ተረከዙን ይበላዋል፣ ታክሲው ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ስልኩ ላይ ይጮሃል። ከሁሉም ያንገበገበው ግን ሌላ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በጆሮው ልጅ ያሳደገ ሰው ዛሬ በስተርጅና ለፈተና መጠራቱ ነው።

"እኔን? እኔን ሊፈትኑኝ? ኧረ ሰው ምን ነካው!"

"አስመጪው ፈተና መቼ አለህ?" አለች ሚስቱ። "መጥተው ይስሙልኝ ነው ያለህ። አንተ ደግሞ ነገር አታክርር።"

እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ጆሮ ራዲዮ ሠሪ ነው። ስም አለው፣ መታወቂያው ላይ ተጽፏል፣ ግን ከሚስቱ በቀር በዚያ ስም የሚጠራው ሰው የለም። አንዱ የተበላሸ ራዲዮ በጨርቅ ጠቅልሎ ሲያመጣለት፣ "ቆይ፣ አትፍታው፣ እንዲሁ ክፈተው" ይለዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ያዳምጥና መፍቻ እንኳ ሳያነሳ፣ "ኮንዴንሰሩ ደርቋል፤ ሐሙስ ና" ይላል። ሐሙስ ሲሄዱ ራዲዮው ይዘፍናል። ስሙን ያገኘው በዚህ ነው፤ ሱቁም የታወቀው በዚህ ነው። ሱቅ ሲባል ደግሞ ሱቅ እንዳይመስላችሁ፤ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ ካልወጣ ሌላው መዞር የማይችልባት ጉሮኖ ናት። በአንድ ወገን ልብስ ሰፊው፣ በሌላው ወገን ጫማ ሻጩ ይጎራበቱታል።

አሁን ሕንጻው ሊፈርስ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁ ተብለዋል። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ተሸክሞ የትም መስፋት ይችላል። የስድሳ አንድ ዓመት ራዲዮ ሠሪ ግን የት ይሄዳል? ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሊቆጥር ነው። በዚህ መሃል ነው ድሮ በልጅነቱ የአባቱን ራዲዮ እየተሸከመ ይመጣ የነበረው፣ ዛሬ የናጠጠ አስመጪ የሆነው ሰው ሱቁ በር ላይ መኪናውን ያቆመው። ውድ ውድ ሳውንድ ሲስተም ያስመጣል፤ መፈተሻና መጠገኛ ሊከፍት ነው፤ ኃላፊ ይፈልጋል።

"እርስዎ ሳይሰሙት አንድም ዕቃ ከበር አይወጣም ጋሼ" አለው። "ይለፍ ያሉት ያልፋል፤ አይሆንም ያሉት ይመለሳል። እኔ የምፈልገው ያንን ጆሮ ነው። ብቻ ሸሪኮቼ አያውቁዎትም፤ ቅዳሜ ኤግዚቢሽኑ ላይ ይምጡና እነሱ ባሉበት ይስሙልኝ።"

ይህች 'ሸሪኮቼ አያውቁዎትም' የምትለው ናት እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ስታሳርረው የከረመችው።

ኤግዚቢሽኑ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። አልጋዎቹን አውጥተው በየክፍሉ አንድ አንድ ሲስተም ተክለዋል። መጀመሪያ የገቡበት ክፍል ሰው የሚያካክሉ ሁለት ጥቋቁር ሳጥኖች ቆመዋል፤ ፊታቸው ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ወንበሮቹ ላይ ዓይናቸውን የጨፈኑ ሰዎች አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ጫማው ሹል የሆነ ሻጭ እጁን እያወናጨፈ ያብራራል።

"ድምፁ አየር አለው። ይተነፍሳል። ከወንበርዎ አንስቶ አዳራሹ መሃል ነው የሚያስቀምጥዎ።"

"ጥልቀቱ!" አለ አንዱ።

"አቤት ጥልቀቱ!" አለ አጠገቡ ያለው።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋልካ ገብታ፣ አለ ጋሽ ጆሮ በሆዱ። ተቀመጠና አዳመጠ። የቀኙ ስፒከር ጥርት ብሎ ይዘፍናል። የግራው ግን ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላል። ወፍራሙ ድምፅ አለ፣ ቀጭኑ የለም። ጋሽ ጆሮ ዞር ዞር ብሎ ሰዎቹን አያቸው። አንድም ያወቀ የለም! እንዲያውም አንዱ እንባ ቢጤ አቅርሯል።

"የግራው ታሟል!" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

"ምን አሉ ጋሼ?"

"ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋ ትንሿ፣ ሞታለች። እዚህ ድረስ ሰው ጠርታችሁ የሞተ ዕቃ ታሰማላችሁ?"

ሻጩ የትህትና ፈገግታ ፈገግ አለ፤ ያቺ ፈገግታ ከስድብ ትብሳለች። ሚስቱ ክንዱን ቆነጠጠችው።

"ኧረ ቀስ በል፣ እየጮህክ ነው! ለኔ እኮ እኩል ነው የሚሰማኝ።"

"አንቺ ደግሞ! ስለ ድምፅ ከመቼ ወዲህ ነው አዋቂ የሆንሽው?"

ሁለተኛው ክፍል ባሰ። እዚያ ሸክላ ነው የሚጫወተው፤ አምፕሊፋየሩ አናት ላይ የመስታወት አምፖሎች ቦግ ብለዋል። ገመዱ ምንጣፉን እንዳይነካ በየክንዱ ርቀት ትንንሽ የእንጨት መቀመጫ ተሠርቶለታል።

"ለምንድን ነው ገመዱ የተሰቀለው?" ብሎ ጠየቀ።

"ምንጣፍ ሲነካ ድምፁ ይቆሽሻል ጋሼ።"

ጋሽ ጆሮ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ገመድ ሲረግጥ፣ ሲቋጥር፣ በጥርሱ ሲልጥ የኖረ ሰው ነው። የዘፋኟን ድምፅ ልስማ ብሎ ቢቀመጥ፣ ያው ነው! እዚህም የግራው ድፍን ብሏል። ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ገመዱን በእንጨት ላይ ሰቅለው የሚንከባከቡ ሰዎች፣ የሞተ ስፒከር አያውቁም? ብድግ ብሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ለሚስቱ ዘረገፈው።

"አየሽ? አየሽ የዘንድሮን ሰው? ጆሮ የለውም! ዋጋ ነው የሚሰማው! ብራንድ ነው የሚሰማው! አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ ሰው..."

"በፈጠረህ፣ እዚያ ስትገባ እንዲህ አትሁን" አለች ሚስቱ። "ሥራው እንዳያመልጥህ።"

ሦስተኛው የአስመጪው ክፍል ነው። ሁለቱ ሸሪኮቹ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሌላ አሥር የሚሆን ጎብኚ አለ። አስመጪው ጋሽ ጆሮን እጅ ነስቶ ተቀበለና መሃለኛው ወንበር ላይ አስቀመጠው። "ጋሼን ነው የምላችሁ!" አላቸው ሸሪኮቹን። ሙዚቃው ተከፈተ። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ፤ ደቂቃ አልቆየም፤ ገለጠው።

"አንተንም አሞኝተውሃል።"

"እንዴት ጋሼ?"

"የግራው ሞቷል።"

አስመጪው ፊቱ ልውጥ አለ። "አዲስ እኮ ነው! ትናንት በገዛ እጄ ነው ከካርቶን ያወጣሁት።" ሸሪኮቹ ተያዩ።

"አዲስ አይበላሽም ያለህ ማነው? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። አሁን አሳይሃለሁ።"

ኮቱን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት። በሙያው አንድ ሕግ አለ፤ ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት ግራና ቀኝ ይቀያየራል። የግራውን ገመድ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ። በሽታው ቦታ ከቀየረ አምፕሊፋየሩ ነው፤ በቦታው ከቀረ ስፒከሩ ነው። በራሱ ሱቅ የሚያደርገው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ሳጥን ማንሳትና ማዞር ሱቁ አያስችለውም። ተንበርክኮ ገመዶቹን ቀየራቸው። ሙዚቃው ተከፈተ። ግራው ያው ድፍን!

"አላልኩም? ስፒከሩ ነው!"

አስመጪውም ግን ድርቅ አለ። "እንግዲያው ሳጥኖቹን ራሳቸውን እናቀያይራቸዋ" አለ። ሁለት ተሸካሚዎች ተጠሩ። ያን የሚያህል ዕቃ እያቃሰቱ፣ "ቀስ! ምንጣፉን! ግድግዳውን!" እየተባባሉ፣ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዞሩት። ሙዚቃው ተከፈተ። ሞቷል የተባለው ስፒከር በቀኝ በኩል ሆኖ እንደ ወፍ ይንጫጫል። እስከ አሁን ጤነኛ የነበረው በግራ በኩል ድፍን አለ።

ጋሽ ጆሮ ዓይኑን በክፍሉ ዙሪያ አንከራተተ።

"መጋረጃው ነው!" አለ። "በግራ በኩል ያ ድሪቶ ድምፁን እየዋጠው ነው።"

መጋረጃው ተገለጠ። የአመሻሽ ፀሐይ ክፍሉን ሞላው፤ ጨፍነው የነበሩት ሁሉ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋረዱ። ሙዚቃው ተከፈተ። ያው ነው። የጋሽ ጆሮ ደም ፈላ። ሸሪኮቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀምረዋል፤ ላቡ በጀርባው ይወርዳል፤ ይሄ ክፍል፣ ይሄ ሆቴል፣ ይሄ ጫማ!

"ወንበሩን አዙሩልኝ!" ብሎ አምባረቀ።

ወንበሩን ወደ በሩ አዞሩለት፤ ለስፒከሮቹ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ከጎብኚዎቹ አንዱ ለጓደኛው፣ "አየህ ልምድ? እንዲህ ነው የሚዳመጠው!" አለና የራሱንም ወንበር አዞረ።

ሙዚቃው ተከፈተ። ቀኑን ሙሉ የታመመው ወገን አሁን በቀኙ ሆነ፤ ጥርት ብሎ ይዘፍናል። ቀኑን ሙሉ ጤነኛ የነበረው አሁን በግራው ሆነ፤ እሱም ድፍን አለ።

ስፒከሮቹ አልተነኩም። ገመዱም አልተነካም። የዞረው እሱ ብቻ ነው።

ጋሽ ጆሮ ቀስ ብሎ ጣቱን ቀኝ ጆሮው ውስጥ ከተተ። ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ በአንዴ ጠፋ። ጣቱን አወጣና ግራውን ደፈነ። ምንም የጎደለ ነገር የለም።

ያለፈው ዓመት ሥራው ዓይኑ ላይ ድቅን አለበት። የአውቶቡስ ሹፌሩ ስፒከር፤ ግራው። የሙዚቃ አስተማሪዋ ቴፕ፤ ግራው። ለልብስ ሰፊው፣ "ዘንድሮ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ግራው የታመመ ነው፤ ምን ዓይነት ዘመን ነው!" ይለው ነበር። ጤነኛ ትዊተር እየነቀለ ሌላ ሲተክል፣ ግራውን ከፍ ሲያደርግ ነው የከረመው። አስተማሪዋ ተመልሳ መጥታ፣ "ጋሼ፣ አሁን ደግሞ በአንድ በኩል ይጮሃል" ስትለው፣ "ጆሮሽን አስመርመሪ" ብሎ አባሯታል። ይህን ሲያስታውስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ልብስ ሰፊው ያኔ አንገቱን ደፍቶ መስፋቱን ይቀጥል ነበር፤ ለካ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሠፈሩ ሁሉ የሚያወራውን እሱ ብቻ ነው ያልሰማው።

አስመጪው ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ያዘው። "እሺ ጋሼ፣ ምን አገኙ?" ሸሪኮቹን በዓይኑ ጠቀሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ገመዱ ላልቶ ነበር አይደል? አሁን ሲቀያየር ተስተካከለ፤ አይደል?"

መውጫው በር ይኸው ተከፈተለት። አንገቱን ቢነቀንቅ በቃ፤ ሥራው የሱ ነው። ማን ያውቅበታል? አየር አለው፣ ይተነፍሳል እያሉ የሚነቀንቁ ሰዎች ናቸው የሚያውቁበት? ሚስቱን አያት። ኮቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ግን ጥያቄ የለም። እሷ ገብቷታል።

ተነሳ።

"ስፒከሮቹ ጤነኞች ናቸው" አለ። "የዚህም፣ የዚያኛውም ክፍል። እኔ ነኝ። ግራ ጆሮዬ ነው የሞተው።"

አስመጪው ከት ብሎ ሳቀ። "ጋሼ ቀልደኛ ናቸው እኮ!" ሸሪኮቹም ሳቁ፤ ወንበሩን ያዞረው ጎብኚም ሳቀ።

"ቀልድ አይደለም።"

"ኧረ እርስዎ..."

"አይሰማኝም ነው የምልህ!" ብሎ ጮኸ። "ስንቴ ልንገርህ? አይሰማኝም! ሌላ ሰው ቅጠር!"

አስመጪው ሸሪኮቹን አየ፣ እጁን አሻሸ፣ ከዚያ በጣም በትህትና፣ "እንደዋወላለን ጋሼ" አለው። ቁጥሩን ግን አልጠየቀውም።

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ጆሮ ንዴቱን የሚያራግፍበት ሰው አጣና ሚስቱ ላይ ዞረ።

"አንቺ ሴትዮ፣ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልነገርኩህም?" አለች፤ ዓመት ሙሉ የያዘችው ንዴት ገነፈለ። "አልነገርኩህም? ቁርስ ላይ ነገርኩህ፣ አልጋ ላይ ነገርኩህ! ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ፣ 'አታጉረምርሚ' አልከኝ! ልጆቹ ደውለው ቢያወሩህ፣ 'ስልካችሁን ቀይሩ' አልካቸው! እኔ ምን ላድርግ? ልሙት?"

"ታዲያ ጮክ ብለሽ አትናገሪም ነበር?"

"ሠፈሩ እስኪሰማኝ ነው የጮህኩት!"

ሊፍቱን ሲጠብቁ ግድግዳውን ተደገፈ። እጆቹን አያቸው፤ አይንቀጠቀጡም፤ ቀጭን ሽቦ ዛሬም ይበይዳሉ። ንዴቱ ሲወጣለት የቀረው ኀዘን ብቻ ነበር። ሊፍቱ ተከፈተ፤ ገቡ። በግራው በኩል ቆማ አንድ ነገር አለችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። እስከ ትናንት ቢሆን፣ "እሺ፣ እሺ" ብሎ ያልፋት ነበር።

"ምን አልሽ?" አላት።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ከአፉ ሰምታ አታውቅም። በፊቱ ዞራ በቀኙ በኩል መጣችና ክንዱን ያዘች።

"ኮትህን ልበስ፣ ውጭው ይበርዳል ነው ያልኩህ" አለችው።