ለእናቴ የላክሁት ቀዝቃዛ አንሶላ

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ሱብሂ ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ሲመለስ ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይንቀጠቀጣል፣ እናቴ በመስኮት በኩል እጄን ይዛ አትለቅም፣ እኔ ደግሞ ቶሎ በሄደና ባረፍኩ እላለሁ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ከዚህ ልጀምር፦ አላለቀስኩም። ሰው እያየን ነው ብዬ አፍሬ ነበር። በእናቴ ማፈር የቆየ ሥራዬ ነበር።

ለማታውቋት፣ እናቴ ሐዋ የአንሶላ ነጋዴ ናት። የቆላ ሰው አንሶላ ሲገዛ ስለ አበባው አይጠይቅም፤ «ይቀዘቅዛል ወይ?» ነው የሚለው። እናቴ ከአከፋፋይ ከመግዛቷ በፊት የጨርቁን ቁራጭ ብብቷ ሥር ትወትፍና በዚያ ሐሩር ገበያውን አንድ ዙር ትዞራለች። ስትመለስ አውጥታ ጉንጯ ላይ ታደርገዋለች። ጨርቅ የሚሸጡላት የካራቆሬ ገበያ ነጋዴዎች ይስቁባታል።

«እትዬ ሐዋ፣ በላብዎ አጥበው ሊመልሱልን ነው?»

«ላቤን ካልወደደ እኔም አልወደውም!»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ልጅ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንድ ቀን በነጋዴዎቹ ፊት «እማ፣ ይሄ ድንቁርና ነው፤ በሠለጠነ አገር በመሣሪያ ነው የሚለካው» አልኳት። መሣሪያ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። እሷ ጨርቁን አጣጠፈች።

ጣሊያን አገር ለቤት ሠራተኝነት የሚወስደኝ ቤተሰብ ተገኘ። አዲስ አበባ የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ወረቀቴን ገልብጦ አየ።

«አብዮቱን ጥለሽ ወዴት ነው?»

«ልብስ ላጥብ።»

«እዚህ የሚታጠብ ልብስ የለም?»

«ልብሱስ አለ፣ ሳሙናው ነው የጠፋው።»

ለዚህች አፌ ሦስት ቀን አመላለሰኝ። እናንተ የምትከተሉኝ፣ እዚያ ቢሮ ስትገቡ አፋችሁን ደጅ አስቀምጡት።

የደረስኩበት ከተማ ብርዱ የደብረ ሲና ብርድ አይምሰላችሁ። የደብረ ሲናው ይቆነጥጣል፣ ይሄኛው አጥንት ውስጥ ገብቶ ይከራያል። ምግባቸው በርበሬ አያውቅም። የወሰደኝን ቤተሰብ ለቅቄ ክፍል ስከራይ የቤቱን ባለቤት፣ ሲኞራዋን፣ የማሞቂያ ምድጃ ጠየቅኋት።

«ከአፍሪካ አይደለሽ እንዴ? ሙቀቱን ይዘሽ አልመጣሽም?»

«ይዤ ነበር ሲኞራ፣ ጉምሩክ ወሰደብኝ።»

አልሳቀችም። ምድጃም አልሰጠችኝም።

ሥራ ያገኘሁት አንሶላ በሚያመርት ፋብሪካ ነው። መጀመሪያ ወለል እጠርግ ነበር፤ ኋላ ፓኦላ የምትባል አሮጊት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ጨርቅ መለካት አስተማረችኝ። ጨርቁ ከመለካቱ በፊት ሙቀቱና እርጥበቱ በማይለዋወጥ ክፍል አንድ ቀን ሙሉ ያርፋል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ አርፌ አላውቅም። ከዚያ የሰው ገላ ያህል የሞቀች ትንሽ የመዳብ ሰሌዳ ላዩ ላይ ትቀመጣለች። ጨርቁ ሙቀቷን ይነጥቃታል፤ ምን ያህል እንደነጠቃት የመለኪያው መርፌ ዘልሎ ያሳያል። ብዙ ከነጠቀ፣ ገላ ሲነካው ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል።

መርፌው እንደዚያ ሲዘል ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም፤ እናቴን የረታኋት መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴ ፋጡማ ጻፈችልኝ። እማ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል፣ በዚያ በሮቢት ሙቀት በጀርባዋ ተኝታ ነው የምትውለው። እኔም ከለካኋቸው ሁሉ መርፌውን ከፍ አድርጎ ያዘለለውን፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ የናይለን አንሶላ ገዝቼ በመንገደኛ እጅ ላክሁ። ደብዳቤው ላይ መርፌው ያሳየውን ቁጥር ጻፍኩ። «እማ፣ ይህን በብብት አይደለም የለካሁት» ብዬም ጨመርኩበት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከወረቀቱ ላይ በጥርሴ ብነቅላት እወድ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ፋጡማ መለሰች። «አንሶላው ሲተኙበት ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ላብ አይጠጣም፣ ገላ ላይ ይጣበቃል። የእማ ጀርባ ተላጧል። ሐኪም ቤት አንሶላውን አንሱላት አሉን፣ እሷ ግን ‹ልጄ በመሣሪያ የለካችው ነው› ብላ አታስነካም። እባክሽ አንቺ ንገሪያት።»

ወረቀቱን ይዤ ፓኦላ ዘንድ ሮጥኩ።

«መርፌው ላብ ያውቃል?»

«የመጀመሪያውን ንክኪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለላብ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ሰሌዳው እንደ ገላ ውሃ ያመነጫል፣ ጨርቁም ላዩ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

በዚያ በሚያልበው ሰሌዳ የፋብሪካውን ጨርቆች ሁሉ ለካሁ። የእኔ ናይለን ከሁሉ መጨረሻ ወጣ፤ ገበያችን ላይ ከሚሸጠው አቡጀዲ የማይለይ ተራ ጥጥ በለጠው። ያ ዘመናዊ ሰሌዳ የሚሠራው እናቴ ጨርቅ ወትፋ ገበያ ስትዞር የምትሠራውን ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ፤ እዚህ አገር ሰው የሚያለቅሰው እዚያ ነው።

«ተሳስቻለሁ» ብዬ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ሦስቱንም ቀደድኩ። አንድ ቃል ስላልወጣኝ የእናቴ ጀርባ ናይለኑ ላይ አሥራ አምስት ቀን ጨመረ። በመጨረሻ የስልክ ቀጠሮ አስያዝኩና ሸዋ ሮቢት ቴሌ ፋጡማ እንድትቀርብ መልእክት ላክሁ።

ፋጡማ ብቻዋን ትመጣለች ብዬ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ግን እናቴ ናት፤ የጎረቤት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተዋታል። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ «የሐዋ ልጅ ናት፣ የፋብሪካ መሐንዲስ ሆናለች» ይላል አንዱ።

«እማ፣ ደኅና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ! አንሶላሽ እንደ ወንዝ ይቀዘቅዛል፣ አገሩ ሁሉ መጥቶ ዳስሶታል።»

«እማ፣ አንሺው። ዛሬውኑ አንሺው። የተሳሳተ ነገር ነው የለካሁት፣ ጀርባሽን የላጥኩት እኔ ነኝ...»

መስመሩ ተንሿሿ። የተቋረጠ መስሎኝ «እማ! ተሳስቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ እናቴ፣ እዚህ ሰው አለ።»

ቀጥሎ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቆሙት፣ «ሌላ ደግሞ ልትልክልኝ ነው!» አለች። ሰዎቹ «ማሻአላህ» ሲሉ ሰማሁ። መስመሩ ተቋረጠ።

አንሶላውን አንስታው እንደሆን እስካሁን አላወቅሁም። የፋጡማን ደብዳቤ እየጠበቅሁ ነው።