በሩን እኔ እጠብቅልሃለሁ

መጀመሪያ ያየሁበት ነገር አቀማመጡ ነው። ልጄ ሰይድ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። ምሳ ሳቀርብለት ሳህኑን ይዞ ግድግዳ ይጠጋል። ከውትድርና ያመጣው ልማድ ነው፣ ይተወዋል ብዬ አለፍኩት።

እዚሁ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። አገር ቤት ገብቶ ወታደር ሆነ፣ ጦርነት ላይ ዋለ፣ ተሰናብቶ ተመለሰልኝ። ከዚያ ጃምዓ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲውን እኛ እዚህ እንዲያ ነው የምንለው። ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይወጣል፣ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ማንሺያ ሰፈር ከምሠራበት ቤት ስወጣ አባይ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት።

«ትምህርት የለም እንዴ?»

«መግባት አቃተኝ፣ እማ። የክፍሉ በር ከኋላ ነው። ከዚህ በላይ ከቀረህ ትባረራለህ ብለውኛል።»

ይህን እያለኝ ላብ አጠመቀው። ትንፋሽ አጠረው። የሚሞትብኝ መሰለኝ።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዱክቱሯ «ፒቲኤስዲ ነው፣ የጦርነት ድንጋጤ ያመጣው ሕመም» አለች። «እብደት አይደለም። ሰውነቱ ጦርነቱ ማለቁን ገና አላመነም። ይታከማል።» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «እዚያ ጀርባህን ማን ነበር የሚጠብቅልህ?» አለችው።

«ጓዴ። አሁን የለም።»

«እንግዲያ ለጊዜው ሌላ ሰው ፈልግ። ቀስ እያልክ ትለቀዋለህ።»

«በሩን እኔ እጠብቅልሃለሁ፤ አንተ አስተማሪህን እይ» አልኩት።

«እማ ደግሞ! ይስቁብኛል እኮ።»

«ይሳቁ! ሳቅ ጥይት ነው እንዴ?»

አስተማሪው ፈቀደልንና፣ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴትዮ ቶቤን፣ የሱዳን ሴቶችን ረጅም ነጠላ፣ ተከናንቤ ጃምዓ ገባሁ፣ ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ። ተማሪዎቹ «ሐቦባ»፣ አያታችን ማለታቸው ነው፣ እያሉ ወንበር ያቀርቡልኛል፤ አንዱማ «ሐቦባ፣ ፈተናም ትቀመጫለሽ?» ሲለኝ «ከአንተስ አላንስም» እለዋለሁ። ሰይድ መጀመሪያ ላይ አሥር ጊዜ ዞሮ ያየኝ ነበር፤ ሕክምናውን ሳያቋርጥ ሲከታተል እየቀነሰ መጣ፣ እኔም ዱክቱሯ እንዳለችን ከክፍሉ ወደ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ግቢው ውስጥ ወዳለው የኒም ዛፍ ጥላ ወጣሁ።

አንድ ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ፣ «ዛሬ አትምጪ፣ እማ» አለኝ።

«በሩንስ?»

«እኔ ነኝ በሩ ጋ የምቀመጠው። አዲስ ልጅ መጥቷል፣ እሱም ወታደር የነበረ። ጀርባውን ልጠብቅለት ነው።»

አልሐምዱሊላህ። ዱክቱሯን፣ አስተማሪውን፣ እነዚያን ቀልደኛ ልጆች አላህ ይስጥልኝ። የልጅ ልጄን ይህን ያስጻፍኳት ለእናንተ ነው። ከጦርነት የተመለሰ ልጃችሁ ከትምህርቱ ቢቀር ሰነፍ አትበሉት። ምን እንዳስፈራው ጠይቁት፣ ሐኪም አሳዩት። ከዚያ ሂዱና አጠገቡ ተቀመጡ።